አንድ ገጽ የቀደመ ያስተምር
ከቅኔ ቤቱ አስነጋሪ እስከ ፌርፋክስ የሰኞ ማታ ጥናት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። በፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሎምፒክና በዊትዎርዝ መካከል ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንደኛው፣ ምሳ አብቅቶ እራት ሳይጀመር፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ጥግ ላይ አንዲት እኅታችን ወፍራም መጽሐፍ ከፍታ ታነባለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን መጽሐፉን በናፕኪን ትሸፍነዋለች።

«ምነው እቴ፣ ምን ይዘሽ ነው የምትሸፍኚው?» ብንላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆየት ብላ ግን ዐይኗ እንባ አቀረረ። ቀን ልጅ ታሳድጋለች፤ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ የፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ከባሏ በቀር ለማንም አልተናገረችም። «ሀገር ቤት ያሉት አልፋለች ብለው ደግሰዋል፤ እዚህ ያለው ሰው ከሰማማ አለቀልኝ» አለችን።

የሚገርመው ይህ ብቻ አይደለም። ከእሷ ሁለት ጠረጴዛ ወዲያ ሽሮውን የሚበላው ወንድማችን ያንኑ ፈተና ካለፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለቱ በአንድ ቤት ለወራት በልተዋል፤ ሰላምታም ይለዋወጣሉ። እሱ ማለፉን ለሁሉም ተናግሯል። ያለፈው በሦስተኛው ሙከራ መሆኑን ግን እሱም ለማንም አልተናገረም። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ሁለት ጠረጴዛና አንድ ይሉኝታ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ «የተማረ ይግደለኝ» የምንል ሕዝብ ነን። የተማረውን፣ የተመረቀውን፣ ካባ የለበሰውን እናከብራለን። ነገር ግን ገና ያልጨረሰው ተማሪ፣ አንድ ገጽ ብቻ ቀድሞ ከኋላው ያለውን ጓደኛውን ያስተማረበት ታሪክም አለን። በተለይ በጤናና በሕክምና ትምህርት ይህ ታሪክ ብዙ ሰው አድኗል። መቼ እንደሠራ፣ መቼ እንደተበላሸ ብናውቅ ዛሬ ለእኛም ይጠቅመናል።

አስነጋሪው

የቆሎ ተማሪ የነበረ አባት ወይም አያት ያለው ሰው ይህን ያውቃል። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ ነው። ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን የሚያስቆጥረው ዳዊት የደገመው ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ አስነጋሪ የሚባል አለ። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ይለምናል። ይሁን እንጂ የግሡን እርባታና አገባቡን ከሌሎቹ ቀድሞ ስለያዘ ለጀማሪዎቹ ያስረዳል። እነሱም እሱም ያልገባቸውን ጥያቄ ይዞ ወደ የኔታ ይመለሳል። ማስተማሩ ለራሱም ትምህርቱ ነው፤ ያልገባውን ነገር ለሌላ ማስረዳት አይችልምና።

ስኮትላንዳዊው አንድሩ ቤል በሕንድ ሀገር በማድራስ ከተማ ልጆች ልጆችን እንዲያስተምሩ አድርጎ፣ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1797 በመጽሐፍ ሲያሳትም አውሮፓ እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው። የእኛ አስነጋሪ መጽሐፍ አላሳተመም። ቁራሹን እያላመጠ ሥራውን ቀጠለ።

ጎንደር፣ 1947

ከቅኔ ቤት ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ግን በሊቃውንቷ የታወቀችው ጎንደር ናት የሁለተኛውም ታሪክ መነሻ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች የተሰበሰቡ ናቸው። ለገበሬው ሐኪም እስኪደርስለት መጠበቅ ማለት መቃብር መጠበቅ ነበር። በ1947 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1954፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ባገኘው ድጋፍ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ። በዋናነት ሦስት ሙያ ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታርያን።

የጎንደር ትልቁ ነገር ሕንጻው አልነበረም። ተማሪዎቹ ሥልጠናቸውን ከመጨረሳቸው በፊት ሦስቱም ሙያ በአንድ ቡድን ሆኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መውጣቱ ነበር። ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዷ እዚያው ወባው በፈጀው ደምቢያ ያለችው ቆላድባ ናት። የጤና መኮንን ተማሪው በሽተኛውን ይመረምራል፤ የነርስ ተማሪዋ እናቲቱንና ሕፃኑን ትይዛለች፤ የሳኒታርያን ተማሪው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ሲመጣ ግን ሦስቱም መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። መድኃኒቱን የሚያውቀው ውኃው ከየት እንደተቀዳ አያውቅም፤ ውኃውን የሚያውቀው እናቲቱን ማነጋገር አይችልም። ስለዚህ አንዱ ለሌላው አስነጋሪ ይሆናል። መምህር ይቆጣጠራቸዋል፤ የዕለት ትምህርታቸውን ግን እርስ በርስ ይማማራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በሀገሪቱ ሰፊ ክፍል ወባ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሀገሪቱ በመራራ ዋጋ አየችው። የቡድኑ ትምህርት ሥርዓት በመንግሥት መለዋወጥ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ተማሪን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ መንደር የሚያወጣ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት መሠረቱ አደረገ።

«ጥናት» የሚለው ቃል ሲያስፈራ

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር የማገልገል ግዴታ ተጣለበት። አብዛኛው በመምህርነት ሄደ፤ ሀገሩን አየ፤ ያየውም ሰላም አልሰጠውም። አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ደርግ የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተላከ። ፊደል ማስቆጠር፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ስለ ንጽሕናና ስለ በሽታ ማስተማር ከተሰጣቸው ተግባር ውስጥ ነበሩ። ከወላጆቻችን ስንቶቹ ናቸው፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ቁስል አጥበው፣ ውኃ አፍልቶ መጠጣትን አስተምረው የተመለሱት!

ዘመቻው ግን በፈቃድ የተጀመረ አልነበረም። ተማሪው ከባለርስቱም፣ ከፖሊሱም፣ በመጨረሻም ከላከው ከደርግ ጋር ተጋጨ። ብዙዎች ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ፤ የሞቱም አሉ። በዚያው ዘመን «ጥናት» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ተለወጠ። አራት አምስት ሆኖ በአንድ ቤት መጽሐፍ መክፈት የኅቡዕ ድርጅት ሕዋስ የሚያስመስል ሆነ፤ ብዙ ጊዜም እውነትም ሕዋስ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲወርድ «ከነማን ጋር ታጠና ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሞት ጥያቄ ነበር።

እኛ የዚያ ትውልድ ልጆች ነን። «ከሰው አትግጠም፣ ደብተርህን ይዘህ ብቻህን አጥና» እየተባልን ነው ያደግነው። እናቶቻችን ይህን ያሉን ክፉ ሆነው አይደለም፤ ልጅ የበላባቸውን ጎረቤት አይተው ነው። ዛሬ ሎስ አንጀለስ ላይ መጽሐፍ በናፕኪን መሸፈን የት እንደተጀመረ ስናስብ፣ ይሉኝታ ብቻ አልመስል አለን። የፍርሃት ውርስም አለበት።

አቻ ለአቻ

ፍርሃቱን የሰበረው፣ የሚያሳዝነው፣ ሌላ ሞት ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1990ዎቹ ሲገቡ በየሰፈሩ ድንኳን የማይነቀልበት ዘመን መጣ። ሰው በሽታውን በስሙ አይጠራውም ነበር፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው። ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ፤ «አቻ ለአቻ» የሚለውም አነጋገር ከዚያ ወዲህ ለመደ።

ከእኛ መካከል የዚህ ክበብ አባል የነበርን አለን። ባዮሎጂ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሊያነበው የሚያፍረውን ቃል፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይናገረው ነበር። ልጆቹ መምህሩን ሊጠይቁ የማይደፍሩትን እሱን ይጠይቁታል። በመሳም ይተላለፋል? አንድ ምላጭ ለሦስት ብንጠቀምስ? ወንድሜ ታሟል፣ አብሬው ልብላ? የክበቡ ልጅ ሐኪም አልነበረም፤ ሦስት ቀን ሠልጥኖ ነው የመጣው። ይሁንና ለጥያቄው የሚሆን መልስና ጠያቂውን የማያሳፍር ፊት ነበረው። ጉድለት አልነበረውም አንልም። አበል ሲመጣ ክበቡ ከግቢው ይልቅ በሪፖርቱ ላይ መኖር የጀመረበትን ጊዜም አይተናል። ቢሆንም ቃሉን በአደባባይ በስሙ መጥራት የለመድነው ከእኩዮቻችን አፍ ሰምተን ነው።

አስነጋሪውና አንድ ለአምስት

እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። እነሱ ያስተማሯት እናት ጎረቤቷን ታስተምራለች። ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረው እስከ 2012 በሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ፣ ይህ ሥራ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር ብዙዎች ይመሰክራሉ።

በዚያው ዘመን አካባቢ ግን «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት በየመንደሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲውም ተዘረጋ። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ይመራል፤ አብረው ያጠናሉ፤ ደካማው ይደገፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከአስነጋሪው ጋር አንድ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ በእርግጥም መረዳዳት ያስፈልጋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አሥራ ሦስት አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ መምህሩ ሳይበዛ ተማሪው በዛ። ከላይኛው ዓመት ተማሪ የተወረሰ ደብተርና ማታ ማታ የሚሰጥ ማብራሪያ ለስንቱ መተንፈሻ ሆነ።

ታዲያ አንድ ለአምስት ለምን አልተወደደም? ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው። አስነጋሪው ጥያቄ ይዞ ወደ የኔታ ይሄዳል። የአንድ ለአምስቱ መሪ ግን ስም ይዞ ወደ አለቃ ይሄዳል ብሎ ብዙ ተማሪ ያምን ነበር። እንዲህ ተብሎ በሚጠረጠር ክብ ውስጥ «አልገባኝም» የሚል ሰው አይገኝም። ቡድኑ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ትምህርቱ ግን ከቤቱ ወጥቶ ሄዷል። ከዘመቻውም ከአንድ ለአምስቱም የምንማረው ይህን ነው። ተማሪ ተማሪን ሊያስተምር የሚችለው «አልገባኝም» ማለት የማያስቀጣበት ቦታ ሲያገኝ ብቻ ነው።

በርክሌይና ካንሳስ ሲቲ

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስለን፣ አሁን የምንኖርበትን ሀገር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ ሰው አንድ ነገር አስጨነቀው። በሁለተኛ ደረጃ ጎበዝ የነበሩ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን ይወድቃሉ? ሃያ ጥቁርና ሃያ ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎችን አብሯቸው እየዋለ ተከታተለ። ፍላጎት አላነሳቸውም፤ ቤተሰባቸውም ትምህርት አይንቅም። ልዩነቱ ሌላ ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ብቻቸውን ያጠናሉ፤ ትምህርታቸውና ወዳጅነታቸው የተለያየ ነው። ቻይናውያኑ ግን ማታ ይሰበሰባሉ፤ አንዳንዴ አብረው ምግብ ሠርተው ይበላሉ፤ ከዚያ አንዱ የሌላውን መልስ፣ አልፎም እንግሊዝኛውን ያርመዋል። ትራይስማን ተማሪዎቹ በቡድን ከባድ ጥያቄ የሚሠሩበትን ጥናት ሲያቋቁም ውጤታቸው ተሻሻለ። ብቻውን የሚያጠናው ጎበዝ ልጅ፣ አንባቢ ሆይ፣ የማንን ልጅ ይመስላል?

ሁለተኛው ከካንሳስ ሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ዲያና ማርቲን አንድ ፕሮግራም ጀመረች፤ የተጀመረውም ለጤና ሙያ ተማሪዎች ነበር። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ እንደገና ክፍል ገብቶ ይቀመጣል፤ ከክፍል ውጪ ደግሞ ለሌሎቹ ጥናት ይመራል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ «ደካማ ተማሪ» አይፈልግም፤ ከባድ ኮርስ ነው የሚፈልገው። ለዚያ ኮርስ የተመዘገበ ሁሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ መግባት ይችላል። ስለዚህ በሩን ሲከፍት የሚያፍር የለም። ይህ ሐሳብ ዛሬ በብዙ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራበታል።

ወደ ፌርፋክስ ስንመለስ

ያን ከሰዓት በኋላ ወንድማችንን ጠርተን ከእኅታችን ጋር አስቀመጥነው። ለጊዜው ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔም ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ» አለ። ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር ለማውጣት ከፈተናው በላይ አልቦት ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄው «ስትወድቂ የመጣልሽን ወረቀት አስቀምጠሻል?» የሚል ነበር። ፈተናውን ላላለፈ ሰው በየትኛው ርዕስ ከማለፊያው በታች፣ በየትኛው አጠገቡ እንደነበረ የሚገልጽ ዝርዝር ይላካል። እሷ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ነበር፤ እንደ ኃጢአት ማስረጃ። እሱ ግን «መንገዱ እኮ እሱ ላይ ነው የተጻፈው» አላት። እንደገና ለመፈተን የሚጠበቀው 45 ቀን ነው። 45 ቀን ለብቻ ላለ ሰው ቅጣት ነው፤ አብሮት የሚያነብ ላለው ግን የጥናት ጊዜ ነው።

ባለቤቷ የኋለኛዋን ጠረጴዛ ሰኞ ማታ ሰጠችን። ሰኞ ገበያ የለም፤ ቡናው ግን አለ። አምስት ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ሀገር ቤት ሐኪም የነበረ፣ አንዷ የነርስ ረዳት፣ ሌሎቹ ኮሌጅ ያሉ። ሕጉ ሦስት ብቻ ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ስንት ጊዜ እንደወደቀ ይናገራል፤ ያልወደቀም የሚያስፈራውን ይናገራል። ሁለተኛ፣ ስም አይመዘገብም፤ እዚያ የተሰማ ከዚያ አይወጣም። ሦስተኛ፣ ያለፈ ሰው ለሦስት ወር ተመልሶ ያስተምራል፤ ብድሩን የሚከፍለው በዚህ ነው።

እኅታችን በሦስተኛው አለፈች። አሁን የልብ መድኃኒቶችን የምታስረዳው እሷ ናት፤ በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ትጨርሰዋለች፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና። መጽሐፉም ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ተቀምጧል።

ሁሉም አለፈ ብለን አንዋሽም። ከአምስቱ አንዱ ባለፈው ወር ወድቋል። ድሮ ቢሆን ለስድስት ወር ከፌርፋክስ ይጠፋ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ወረቀቱን በእጁ ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና «እስኪ እዩልኝ» አለ። ከመንገድ ማዶ ሆነን ስናየው የማኅበረሰባችን ታሪክ ትንሽ የተስተካከለ መሰለን።

በዚህች ከተማ በሆስፒታሉ፣ በመጦሪያው፣ በፋርማሲው የሚሠሩ ስንት ወገኖች አሉን! እያንዳንዳቸው ያለፉትን ፈተና ያውቃሉ። ስለዚህ እርስዎ ያለፉ ከሆነ ማለፍዎን ብቻ ሳይሆን መውደቅዎንም ይንገሩን። ገና ያላለፉ ከሆነ መጽሐፉን አይሸፍኑት። ይህን ጋዜጣ በሚያነቡበት ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ገጽ የቀደመዎት ሰው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ቸር ያሰማን።